በሽቦ የታሰረው ቅጠል

ከባለቤቴ ከኤርሚያስ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ብርድ ልብስ መጭመቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ትንሿ ልጃችን ሌሊት አርሳው ስላደረች በትልቁ ሳፋ አጠብነው። ከዚያ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነው። የራሰ ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው አይሆንም። እሱ በአንድ በኩል ሲያዞር እኔ በተቃራኒው አዞራለሁ፤ ውሃው መሐላችን ይወርዳል።

ይህ የሆነው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች በተቀጣጠለበት ዘመን ነው። ፕላኑ ቀርቷል ከተባለም በኋላ ነገሩ አልበረደም ነበር። እኛ የምንኖረው ሰበታ ነው። ያን ቀን የማልረሳው ባሌን ስላጣሁበት ብቻ አይደለም። አሟሟቱን የሰማሁበት መንገድ ነው ከአእምሮዬ የማይወጣው። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻ ፈተናዬ ነበር። አዲስ አበባ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሕግ በኤክስቴንሽን እማር ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ። ከእኔ ጋር የጀመሩት ጨርሰው ሥራ ከያዙ ቆይተዋል። እኔ ልጅ በወለድኩ ቁጥር አቋርጣለሁ፣ ልጅ ሲታመም ኮርስ እጥላለሁ፣ ተመልሼ እመዘገባለሁ። ስጀምር የመጀመሪያ ልጄን አጠባ ነበር። ልጨርስ ስቃረብ እሷ አራተኛ ክፍል ደርሳ፣ ሁለት ታናናሾች ተከትለዋት ነበር።

ኤርሚያስ የሆሳዕና ገጠር ልጅ ነው። ሰበታ የመጣው ለፋብሪካ ሥራ ሲሆን በአንድ የክር ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበር። እኔ ስማር ልጆቹን የሚይዘው እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ሕፃን ሳለች አዝሏት ከሰበታ በታክሲ ይመጣና ኮሌጁ በር ላይ ይቆማል። በእረፍት ሰዓት ሮጬ ወጥቼ በዘበኛው ቤት ውስጥ አጠባታለሁ። ዘበኛው አንድ ቀን፣

"ስማ፣ እናትየው አንተ ነህ ወይስ እሷ?" አለው።

"እኔ ሞግዚቷ ነኝ" አለ ኤርሚያስ። "ደሞዝ ግን እስካሁን አላየሁም።"

ዘበኛው ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ "ሞግዚቱ መጥቷል" እያለ ያስጠራኝ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ የምፈተነው የማስረጃ ሕግ ነው። ፈተናው መንገድ በመዘጋቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ነበር። አሁን የቀረ ሰው ኮርሱን እንደገና ይወስዳል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኮርሱ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። እኔ ሌላ ዓመት መጠበቅ የምችል አልመሰለኝም። እሱም አልመሰለውም።

ብርድ ልብሱን እየጨመቅን ይጠይቀኛል። መጽሐፍ አልያዘም። ጓዳ ሆኜ ጮክ ብዬ ስለማጠና ከእኔ እኩል ሸምድዶታል።

"በዓይን ያየ ምስክርና የስሚ ስሚ ምስክር ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አለኝ።

መለስኩ።

"ምሳሌ ስጪ።"

"አንተ ብርድ ልብሱን ማን እንዳረሰው አላየህም። ትልቋ ልጃችን ቤቲ ነግራህ ነው።"

"እኔማ አይቻለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ነው የሸናችው" አለ።

አከራያችን ኦቦ ገመቹ በረንዳቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ኤርሚያስ ሁልጊዜ በተሰባበረ ኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ይስቁበታል፤ ግን ይወዱታል።

"ኤርሚያስ፣ ዛሬ ፈተናው የማን ነው? ያንተ ነው የእሷ?" አሉት።

"የሁለታችንም ነው ኦቦ። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እጨነቃለሁ።"

"ብርድ ልብሱንም አብራችሁ እያስተማራችሁት ነው።"

"እሱ ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ስላዳመጠ ሳይመረቅ አይቀርም።"

ብርድ ልብሱን ልናሰጣ ስንል የልብስ ማስጫው ሽቦ ረግቦ ነበር። ኤርሚያስ ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ፒንሳ ከኪሱ አይለይም። ሽቦ ደግሞ አይቆርጥም። የፋብሪካ ጓደኞቹ ስስታሙ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ጥምዝ ቀስ አድርጎ ይፈታል፣ ያቃናል፣ የተረፈውን ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። እሱ ያሰረውን ሌላ ሰው አይፈታውም። ሽቦውን ወጥሮ አሰረና ብርድ ልብሱን ሰቀልነው።

ኦቦ ገመቹ ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

"ኢንተለ ኮ" አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዛሬ ባትሄጂ ጥሩ ነበር።"

"ምን ሰምተው ነው ኦቦ?"

"የሰማሁት የለም። ጠዋት ወፍጮ ቤት ስሄድ ልጆቹ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ሰላም አላሉኝም። ሰላም የማይሉኝ ልጆች አይደሉም።"

ኤርሚያስን አየሁት። እሱም አየኝ። ፋብሪካው ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ ሠራተኛው ቤቱ እንዲውል ተነግሮታል። ትምህርት ቤትም የለም። ሌላ ጊዜ በሰዓቱ የሚጮኸው የፋብሪካው ሳይረን በመጥፋቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓት የጠፋበት ይመስል ነበር።

"ሂጂ" አለኝ ኤርሚያስ። "አሁን ካልጨረስሽ አራተኛ ልጅ ልንወልድ ነው።"

ሄድኩ። ለመጨረሻው ፈተና ብዬ ደህናውን ጫማዬን አደረግሁ።

በዚያ ሰሞን በእኛ መንገድ መኪና ያለ ቅጠል አይሄድም ነበር። በየመንደሩ መግቢያ ወጣቶች ግንድ አጋድመው ይቆማሉ። መስታወቱ ላይ የለመለመ ቅርንጫፍ ያደረገ መኪና ከእኛ ጋር ነው ተብሎ ያልፋል። ያላደረገው በድንጋይ ይመታል። ወደ አዲስ አበባ ሲጠጉ ደግሞ የታጠቁ የጸጥታ ሰዎች አሉ። እነሱ ጋ ያው ቅጠል ጥፋት ነው። ማን ሰጠህ፣ ለምን አሰርክ፣ ውረድ ይባላል።

ስለዚህ ሹፌሮቹ ቅጠሉ የሚወጣበትን ቦታ ያውቁታል። በፉሪ በኩል ስንሄድ አንድ ትንሽ ድልድይ አለ። ቦታው ላይ ምንም ምልክት የለም። እዚያ ስንደርስ ሹፌሩ "ቅጠል" ይላል። ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ከመስታወት መጥረጊያው ሥር ይነቅልና እግራችን ሥር ይጥለዋል። ስንመለስ እዚያው ድልድይ ላይ ያንኑ የተረገጠ ቅጠል አንሥቶ መልሶ ይሰካዋል። ሒሳብ እንደ መቀበል ሆኖ ነበር። ተሳፋሪው ቀና ብሎም አያይም። ቅጠሉን ግን ማንም አያስርም፤ ይሰካል እንጂ። በአንድ እጅ ብድግ የሚል መሆን አለበት።

ዋናው የጂማ መንገድ ዓለም ገና ላይ ስለተዘጋ ያን ቀንም በፉሪ በኩል ሄድን። ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነበር። ወጣቶቹ ጋ አለፍን። ድልድዩ ላይ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ገባ። የታጠቁት ጋም አለፍን። አንደኛው ጎንበስ ብሎ በመስኮት እያየን ፊታችንን አንድ በአንድ አዳረሰ። ከተማሪነት መታወቂያዬ በቀር ምንም አልጠየቀኝም።

የፈተናው ክፍል ውስጥ ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። ገና አጋማሽ ላይ ሳለን ፈታኙ ስልኩን እያየ፣

"ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣችሁ ብትፈጥኑ ይሻላል። መንገድ እየተዘጋ ነው እያሉ ነው" አለን።

ሁለት ልጆች ወረቀታቸውን ሰጥተው ወጡ። እኔ እስከ መጨረሻው ጻፍኩ። ወረቀቱን ሳስረክብ ፈታኙ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንቺ የመጨረሻሽ ነው አይደል?" አለኝ። በምን እንዳወቀ እንጃ። ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት ስላየኝ ይሆናል።

ከበሩ ወጥቼ ለኤርሚያስ ደወልኩ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"አለቀ ማለት ነው? ሌላ የቀረ የለም?"

"የለም። በቃ አለቀ።"

ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብሎ "ልጆች፣ እናታችሁ ጨርሳለች" ሲል ሰማሁት። ልጆቹ ምኑን እንደሆነ ሳይገባቸው ጮኹ።

ወደ ሰበታ የሚሄድ ታክሲ እንደሌለ ነገርኩት። ታክሲዎቹ ጀሞ ላይ ነው የሚያራግፉት።

"ኦቦ ገመቹ ባጃጃቸውን ይሰጡኛል፣ ልጆቹንም ያዩልናል። መጥቼ አመጣሻለሁ" አለ። ባጃጇ አሮጌ ናት። እሁድ እሁድ የሚጠግናት እሱ ነበር።

"አትምጣ። ብዙ ሰው በእግሩ እየሄደ ነው፤ አብሬያቸው እመጣለሁ።"

"በዚያ ጫማ?"

"ባዶ እግሬንም ቢሆን እመጣለሁ። አንተ ቋንቋውን አትችል፣ መንገዱን አልለመድክ። አትምጣ ብዬሃለሁ።"

"ሰላም ማለት እችላለሁ እኮ" አለ እየሳቀ።

ጀሞ ስደርስ ራሱ መልሶ ደወለ። የባጃጇ ሞተር ሲንደቀደቅ ይሰማኛል። ኦቦ ገመቹ ከጓሯቸው ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጥተውት ነበር።

"ቅጠሉን አስሬዋለሁ" አለኝ። "እንደ እነሱ አልሰካሁትም። ነፋስም ቢመጣ አይወድቅም።"

"ድልድዩን ታውቀዋለህ? ፉሪ ያለውን ትንሹን?"

"አውቀዋለሁ።"

"እዚያ ስትደርስ አንሣው። ከዚያ ወዲህ እንዳይታይ። እሺ?"

"እሺ ጠበቃዬ" አለኝ።

ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ከጀሞ ከሠላሳ ከማያንሱ ሰዎች ጋር ሽቅብ መሄድ ጀመርን። የፋብሪካ ሴቶች ነበሩ፣ ግንበኞች ነበሩ፣ አንድ ዶሮ የያዘ ሰው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ያወራ ነበር። አንዷ ሴት ጫማዬን አይታ "እህቴ ሠርግ ነው የምትሄጂው?" ብላ አሳቀችን። ከፍ እያልን ስንሄድ ወሬው እየቀነሰ መጣ። ሱቆች ተዘግተዋል። በአንዳንዱ ሱቅ ደጅ የተሰጣው ዕቃ ሳይነሣ በሩ ብቻ ተቆልፏል። ሰበታ በሚገኝበት አቅጣጫ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ነፋስ አልነበረም።

ከላይ የሚመጡ ሰዎች አገኘን። በፍጥነት ይራመዳሉ፤ አያወሩም። አንድ ሽማግሌ ብቻ በአጠገባችን ሲያልፉ ሳይቆሙ "ዴቢአ፣ ዴቢአ" አሉ። ተመለሱ ማለታቸው ነው። እናቴ ኦሮሞ ስለሆነች ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ምን ተፈጠረ ብዬ በኦሮምኛ ብጠይቃቸው እጃቸውን ብቻ አወናጨፉ።

ዶሮ የያዘው ሰውዬ ተመለሰ። ብዙዎቹ ተመለሱ። እኔ ኤርሚያስ ከፊቴ እየመጣ ስለሆነ ወደ ኋላ ብመለስ እንተላለፋለን ብዬ ቀጠልኩ። በየጊዜው እደውልለታለሁ። ይጠራል፣ አያነሣም። በሞተሩ ጩኸት አይሰማውም አልኩ።

ድልድዩ ሊታየኝ ሲል ተኩስ ተሰማ። ቅርብ ነበር። አብረውኝ የነበሩት በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኔ የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ግማሽ ድረስ ከተዘጋ የሱቅ በር ሥር አንድ እጅ ወጥቶ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ።

"ግቢ ልጄ። ጎንበስ በይና ግቢ።"

ገባሁ። ሴትዮዋ በሩን እስከ ታች አወረዱት። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የተማሪ ደብተር የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ስማቸው እማማ ሩቂያ ነው። ከወሎ መጥተው እዚያ መንገድ ዳር መነገድ ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው እንደሆነ በኋላ ነግረውኛል። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ድልድዩ ይታያል።

በሣጥን ላይ አስቀመጡኝና ውሃ ሰጡኝ። ሰው ሲደነግጥ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ያወራል። እሳቸው ከሚያወሩት ናቸው።

"አንቺ እንኳን ቀድመሽ አልመጣሽ" አሉኝ። "ቅድም እዚሁ ደጄ ላይ የሆነውን ብታዪ። ወላሂ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አላየሁም።"

እኔ እንደገና እየደወልኩ ነበር። ይጠራል።

"አንድ ምስኪን ባጃጅ ይዞ መጣ" አሉ። "ከላይ ነው የመጣው። ብቻውን ነው። ቅጠል አለው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቅጠሉን ሊያወርድ እንደሆነ ገባኝ፤ ሁሉም እዚህ ነው የሚያወርደው። ሌላው በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ያልፋል። ይሄ ግን፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንጃ፣ በሽቦ ጠፍሮታል።"

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩት።

"በሽቦ" አልኳቸው።

"በሽቦ። ወረደና ጎንበስ ብሎ በፒንሳ መፍታት ጀመረ። እነዚያ የታጠቁት ቅድም ታች ነበሩ፤ ለካስ ወደ ላይ ወጥተዋል። ከኋላው ደግሞ ድንጋይ የያዙት ልጆች ቁልቁል እየመጡ ነው። እሱ መሐል ሆኖ ይፈታል። እኔ በዚህች ቀዳዳ እያየሁ፣ አንተ ሰውዬ ተወውና ሂድ፣ ተወው እላለሁ። ማን ይሰማኛል።"

"አይቆርጠውም ነበር?" አልኳቸው።

"እሱ ነው እኮ የገረመኝ። ፒንሳ ይዞ። ቆርጦ ቢጥለው ይደርስ ነበር። እሱ ግን እንዲህ፣ እንዲህ እያደረገ ቀስ ብሎ..." እጃቸውን አንሥተው አሳዩኝ። በሁለት ጣታቸው አየሩን ይጠመዝዛሉ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ጠዋት የማስጫውን ሽቦ ሲፈታ ያየሁት እጅ ነበር።

"የፈታውን ሽቦ ኪሱ ከተተው?"

"አንዱን ከተተ። ሁለተኛውን ይዞ እያለ የታጠቁት ጮኹበት። ቀና ሲል ፒንሳው እጁ ላይ ነው፣ ያብረቀርቃል..." ንግግራቸውን አቋረጡ። ፊቴን አዩት። "ታውቂዋለሽ እንዴ ልጄ?"

"ባሌ ነው" አልኩ።

እማማ ሩቂያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የተነገረውን አላስታውስም። ተነሥቼ በሩን ለማንሣት ስታገል፣ እሳቸው ከኋላ ትከሻዬን ይዘው "ተኩሱ ይብረድ፣ ሦስት ልጅ አለኝ አልሽ እኮ፣ ይብረድ" ሲሉኝ ትዝ ይለኛል። ስለ ልጆቼ መቼ እንደነገርኳቸው አላውቅም።

ሲበርድ እሳቸው ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ወጣቶቹ በራሱ ባጃጅ ጭነው ወደ ላይ፣ ወደ ክሊኒክ እንደወሰዱት አይተው ነበር። ሱቃቸውን ሳይቆልፉ እጄን ይዘው አብረውኝ ሄዱ። መንገዱ ላይ ድንጋይና የተቀጣጠለ ጎማ ነበር። ወጣቶቹ ቆመው ሲያዩን እማማ ሩቂያ "ባሏ ነው" ብቻ ይሏቸዋል። መንገድ ይለቃሉ።

ባጃጇ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ነበር። ቅርንጫፉ በአንድ ወገን ተፈቶ ወርዷል፣ በሌላው ወገን እንደታሰረ ነው። ገና ሳልገባ፣ ከዚያ ውስጥ ምን እንደሚሉኝ አውቄዋለሁ። ሳይደርስ ነው ያለፈው አሉኝ። ዕቃውን ሰጡኝ። ስልኩ ላይ የእኔ ጥሪዎች ነበሩ። ኪሱ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አጭር ሽቦ ነበር።

ቀብሩ ሰበታ ሆነ። ዘመዶቹ መንገድ እስኪከፈትላቸው ሆሳዕና ተቀምጠው አልቅሰው በኋላ ነው የመጡት። የቀበሩት የፋብሪካ ጓደኞቹና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው። ኦቦ ገመቹ ብዙ ቀን ከቤታቸው አልወጡም። አንድ ቀን በራቸው ላይ ብቻዬን አገኘኋቸው።

"ቅርንጫፉን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ" አሉኝ።

"እንዲያወርደው የነገርኩት እኔ ነኝ ኦቦ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ትንሿን ልጄን ግን በየቀኑ ወደ በረንዳቸው ይጠሯታል። ኦሮምኛ ያስተምሯታል። ከአባቷ በጣም ትሻላለች።

ነገሩ ሲረጋጋ አቤት ለማለት ሄድኩ። "ምስክር አለሽ?" ተባልኩ። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ አጥንቼዋለሁ። እኔ ያየሁት የለም፤ የሰማሁት ነው። በዓይናቸው ያዩት እማማ ሩቂያ ናቸው።

ሱቃቸው ሄድኩ። ገና ከበሩ ሲያዩኝ የመጣሁበትን አወቁ። ስኳር የሚገዙ ሰዎች እስኪወጡ ጠበቅሁ።

"ያየሁትን አልክድም" አሉኝ። "አላህ ፊት አልክድም። ግን ልጄ፣ ሱቄን አየሽው፤ መንገድ ላይ ነው። የእነዚህም የእነዚያም መንገድ ነው። ሁሉም ሳሙና የሚገዛው ከእኔ ነው። ነገ አንዱ ለምን ተናገርሽ ይላል፣ አንዱ ለምን ሳትናገሪ ቆየሽ ይላል። የት እሄዳለሁ?"

ምስክር በመጥሪያ እንደሚገደድ አውቃለሁ። ከኮሌጅ የተማርኩት ነው። መልስ ጠብቀው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። እኔ ያየሁት ከበር ሥር ወጥቶ ቀሚሴን የያዘውን እጃቸውን ነው። ስማቸውን ለማንም አልሰጠሁም። ማመልከቻዬ ምስክር ያልቀረበበት ተብሎ ተዘጋ። የተኮሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ስማቸውን አለመስጠቴ ትክክል ይሁን አይሁን ሌሊት ስነቃ አስባለሁ። አንዳንድ ሌሊት ትክክል ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ሌሊት ባሌን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት እኔ ነኝ እላለሁ።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ምረቃው ላይ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ትልቋ ልጄ ግን "አባባ ጨርሳለች ብሎ ነግሮናል እኮ" ስትለኝ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም ጥቁር ጋዋን ለብሰን ነበር። የእኔ ከሥሩም ጥቁር ነበር።

አሁን የጥብቅና ፈቃድ አውጥቼ ሰበታ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ፍቺ፣ የልጅ ቀለብ፣ ውርስና የመሬት ካሳ እይዛለሁ። የሰው ሞት ይዞ የሚመጣ ሲኖር ወንበር አቀርብለታለሁ። ተናግሮ እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ። ከዚያ ጉዳዩን ወደ ሌላ ጠበቃ እመራለሁ።